ክብር ለሌሊት ወፏ

ባለፈው ሐሙስ ማታ ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። በአንድ እጇ ኬክ፣ በሌላው የፊርማ ወረቀት ይዛለች። እዚህች የእንግሊዝ ከተማ ስኖር 14 ዓመቴ ነው፤ እስከዚያች ማታ ድረስ ከእሷ ጋር ያወራነው ስለ ዝናብ ብቻ ነበር። "ሰፈራችንን ማዳን አለብን" አለችኝ። "አንተም እኮ ከእኛ አንዱ ነህ።"

እኛ! ዜግነት ስቀበል እንኳን እንዲህ ደስ አላለኝም።

የመጣብን መዓት ምን መሰላችሁ? ከከተማው ጫፍ ባለው ሜዳ ላይ ስድስት የጂፕሲ ቤተሰቦች፣ ከቦታ ቦታ በመጓዝ የሚታወቁት ሕዝቦች፣ ካራቫናቸውን (በመኪና የሚጎተት ቤታቸውን) አቁመው ለመኖር ካውንስሉን፣ ማለትም የአካባቢውን ምክር ቤት፣ ፈቃድ ጠይቀዋል። ስድስት። እንግሊዝ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብ አገሬው ባንድ ሌሊት የተፈጥሮ ወዳጅ ይሆናል።

ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ተገኘሁ። "ጂፕሲ አልወድም" ያለ አንድም ሰው የለም፤ ጨዋዎች ናቸው። "እኔ እነሱን ጠልቼ አይደለም፣ ግን..." ይላሉ። ከ"ግን" ኋላ የሌሊት ወፍ ትመጣለች።

አዎ፣ የሌሊት ወፍ። እዚህ በሕግ የተጠበቀች ናት፤ ማደሪያዋን ማፍረስ ወንጀል ነው። አንዱ ተነሥቶ ሜዳው ዳር ባለው ዛፍ ላይ እንደምታድር መሰከረ። ሌላዋ የካራቫን መብራት ሌሊት እንቅልፍ ይነሳታል ብላ ተጨነቀች። ሌሊት እንደማትተኛ የነገራት የለም። ሦስተኛው፣ የጄኔሬተር ድምፅ እርጉዞቹን እንዳያስወርዳቸው ሰጋ። አንድ አዛውንት ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያውቋት ሲናገሩ ሳግ ተናነቃቸው፤ ከጎናቸው የነበረችው ሴት ጀርባቸውን አሸችላቸው። ነጠላ አዘቅዝቆ የመጣ ቢኖር አይገርመኝም ነበር። ከመንገዱ ማዶ 140 ቤቶች ሲሠሩ እነዚህ የሌሊት ወፎች የት ነበሩ? እንግሊዛውያን አይደሉ፣ ለዕረፍት ስፔን ሄደው ይሆናል።

በእኛ ተረት የሌሊት ወፍ ወፎች ሲያስገብሩ አይጥ ነኝ፣ አይጦች ሲያስገብሩ ወፍ ነኝ ትላለች። የእንግሊዝ መንግሥትም ይህን ብልሃት ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣ ሕግ ካውንስሎች ለጂፕሲዎች የካራቫን ማቆሚያ እንዲያዘጋጁ ያስገድድ ነበር። በ1994 ግዴታው ተነሣ፤ ጂፕሲዎቹ "መሬት ገዝታችሁ ራሳችሁን ቻሉ" ተባሉ። ገዙ። ፈቃድ ሲጠይቁ ባለ ኬኳ መጣች። በ2011 ኤሴክስ ውስጥ፣ ዴል ፋርም ከሚባል ቦታ 80 ያህል የትራቨለር (እንደ ጂፕሲዎቹ ተጓዥ የሆኑ ሰዎች) ቤተሰቦች በፖሊስ ኃይል ተነሡ። መሬቱን ገዝተውታል፤ ነገር ግን "አረንጓዴ ቀበቶ" ነው፤ ከተማ እንዳይስፋፋ ግንባታ የተገደበበት መሬት። ከፊሉ ድሮ የአሮጌ መኪና መጣያ የነበረ አረንጓዴ!

በ2015 ደግሞ በእርጅናም ሆነ በሕመም ጉዞ ለዘለቄታው ያቆመ ሰው፣ ለቦታ ፈቃድ ሲሆን "ተጓዥ" ተብሎ አይቆጠርም ተባለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን አድልዎ ነው ያለው በ2022 ነው። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ በሰው መሬት ላይ ቆሞ ረብሻ ፈጥሯል የተባለና ልቀቅ ሲባል ያልለቀቀ ሰውን ወንጀለኛ አደረገው፤ ካራቫኑንም ፖሊስ ሊወስድበት ይችላል። ካራቫኑ ቤቱ ነው እኮ። እስከ 2023 ድረስ፣ ብትቆም ተጓዥ አይደለህም ትባል ነበር። ብትጓዝ የምትቆምበት የለም።

ቦታ ሲሰጣቸውስ የት ነው? ብዙ ጊዜ ከፍሳሽ ማጣሪያ ጎን፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር፣ ከአውራ ጎዳና ዳር። ሕፃናት የከተማውን ሰገራ እያሸተቱ እንዲያድጉ ይፈረድባቸዋል፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ሲሄዱ "ይሸታሉ" ይባላሉ። ይህ ነውር ነው። በሻይና በኬክ አይሸፈንም።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። አያቴ ጀበናዋን የምትገዛው ከሸክላ ሠሪዋ ነበር፤ ቤቷ ገብታ ግን ውሃ አትቀምስም። "ቡዳ ናት" ትላለች። ቢያንስ አያቴ በሌሊት ወፍ አላሳበበችም።

ከስብሰባው ስንወጣ ጎረቤቴን "እነዚህ ሰዎች እንግዲህ የት ይሂዱ?" አልኳት።

"ወደ መጡበት" አለች።

ጂፕሲዎች እንግሊዝ ከገቡ 500 ዓመት አልፏቸዋል። ስማቸው ራሱ ያኔ ግብፃውያን መስለዋቸው የወጣላቸው ነው። እነሱ በ500 ዓመት ያላገኟትን "እኛ" እኔ በ14 ዓመት አገኘኋት፤ ያውም ፊርማ እስኪሞላ ድረስ። አልፈረምኩም። ኬኳን በልቻለሁ።

ቤቴ የሄድኩት በአዲሶቹ 140 ቤቶች መሃል አቋርጬ ነው። ያ ሁሉ ዛፍ ተቆርጦ አልቋል። ከዋናው መግቢያ ላይ አዲስ ታፔላ ተተክሏል፦ "የሌሊት ወፍ ጎዳና"።