ክብር ለድንጋይ ተካዮች

ባለፈው ሳምንት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከሰርዶ ወደ ሰመራ ስጓዝ፣ አንድ የማላውቀው ወገኔ መሀል መንገድ ላይ ያኖረልኝን ስጦታ በቀኝ የፊት ጎማዬ ተቀበልኩ። ስጦታው ድንጋይ ነው። 400 ኩንታል ማዳበሪያ ጭኖ የሚመጣ የተሳቢ ሹፌር እንዲህ ያለ ስጦታ ሲደርሰው ምን እንደሚል የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል፤ ለሌላው አንባቢ ግን በጽሑፍ የሚነገር አይደለም። ስለዚህ ስድቤን እዚያው በረሃ ላይ ትቼ ምስጋና ይዤ መጥቻለሁ።

ልማዱን የማያውቅ የለም። መኪና ይበላሻል። ረዳቱ ወርዶ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ይደረድራል፣ ከጎማው ሥርም ታኮ ያስገባል። መኪናው ይጠገናል። መኪናው ይሄዳል። ድንጋዩ ይቀራል። መኪናው ደርሶ፣ አራግፎ፣ እንደገና ጭኖ፣ ምናልባትም ተሽጦ ሳለ ድንጋዩ እዚያው ቆሞ የሌለ ብልሽት ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ታማኝ ዘበኛ በደመወዝ አይገኝም።

«ሦስት ማዕዘኑ አንጸባራቂስ?» የሚል የዋህ አይጠፋም። አንጸባራቂው አለ። ከጋቢናው ፍራሽ ሥር ከነላስቲኩ ተኝቷል። በዓመት አንድ ቀን ለቦሎ ምርመራ ይወጣል፣ ይታያል፣ ወደ መኝታው ይመለሳል። ይህን የመሰለ የተከበረ ዕቃ አስፋልት ላይ ተቀምጦ አቧራ ቢለብስስ? (የእኔም ቢሆን ላስቲኩ የተቀደደለት ያን ሌሊት ነው።)

ወቅቱንም ልብ በሉልኝ። ሐምሌ ነው። አዲስ አበባ ያለው ባለንብረት ዝናቡን ሸሽቶ ካፌ ገብቷል፤ ማኪያቶው እስኪበርድለት ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ እየደወለ «የት ደረስክ?» ይላል። እኛ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከጋላፊ ወዲህ በሽርጥና በካናቴራ ነን። ቀን ቀን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ከተሳቢው ሥር ምንጣፍ አንጥፈን፣ ጥላው ሲዞር አብረን እየዞርን እንተኛለን። ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ውሃው ትንሽ ቀዝቀዝ እንዲል እንለማመጠዋለን። የጋለ አስፋልትና የከበደ ጭነት ከተገናኙ ጎማ አይበረክትምና የምንነዳው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው።

ድንጋይ ተካዮቻችን ይህን ሁሉ አጥንተዋል። መንገደኛው በጨለማ የሚመጣ ከሆነ ምልክቱም ጨለማ መምሰል አለበት። በዚያ በኩል የአፋር ምድር የታደለ ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ጥቁር፣ አስፋልቱ ጥቁር፣ ሌሊቱ ጥቁር። በዚህ ሁሉ መካከል ቀይ አንጸባራቂ ማቆም የአካባቢውን መልክ ማበላሸት ነው። ደገኞቹ ባልንጀሮቻቸው ቅጠል ቆርጠው ይጥላሉ። እዚህ ለምለም ቅጠል ከየት ይምጣ? ያለው ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃም ዛፍ ነው። የፕሮሶፒስ ቅርንጫፍ መንገድ ላይ ያነጠፈ ጠቢብም አጋጥሞኛል፤ «ተጠንቀቅ፣ እዚህ ጎማ ፈንድቷል» ለማለት እሾህ ያነጥፍልሃል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ለታሪክ የሚያደርጉትን አስተዋጽኦ ነው። መንገዳችን የሚያልፍበት አገር ተራ አገር አይደለም። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር ከሚሌ ብዙ አይርቅም። 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ጎናም በዚያው አቅጣጫ ነው። ድንጋይ ዳቦ ከመሆኑም በፊት ማለት ነው። የዚያ ዘመን ፍጡር ድንጋይ አነሳ፣ ከሌላ ድንጋይ ጋር አጋጨው፣ በስለቱ ሥጋ ቆረጠ፣ ከዚያ ጣለውና ሄደ። ጣለውና ሄደ! የረዳቶቻችን ጥበብ ሥሩ እስከዚያ ይወርዳል።

አሁን ደግሞ ከሚሊዮን ዓመት በኋላ የሚመጡትን ተመራማሪዎች አስቧቸው። በብሩሽ አፈሩን ሲጠርጉ ጥቁር ንጣፍ ያገኛሉ፤ በላዩም አምስት ድንጋይ በሰልፍ። መቶ እርምጃ አለፍ ብሎ ሌላ አምስት። ትንሽ ወረድ ብሎ አሥራ አንድ። ሽማግሌው ፕሮፌሰር «መቃብር ነው» ይላሉ። ረዳታቸው አይስማማም፤ መሬቱ ላይ ዘይት ፈሷል፣ የተቃጠለ ጎማም አለ፣ ስለዚህ መሠዊያ ነው፣ ጭሱ ለአማልክት ይቀርብ ነበር ይላል። አንዲት ወጣት ተማሪ የድንጋዮቹን ሰልፍ ከከዋክብት አቀማመጥ ጋር አስተያይታ የዶክትሬት ማዕረግ ታገኛለች። ከጋላፊ እስከ አዋሽ በተዘረጋው በዚህ ታላቅ ቤተ መቅደስ ላይ ጉባኤ ይጠራል፣ ሁለት ወገን ሆነው ይሰዳደባሉ፣ ይኮራረፋሉ። በመጨረሻ በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ፦ ይህ ሕዝብ ድንጋይ ማስቀመጥን ያውቅ ነበር፤ ማንሳት ግን ገና አልተፈለሰፈም ነበር።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ወንድሜ፣ ጎማ ለመቀየር ሁለት ሰዓት ተንበርክከሃል። ክሪክ አሽከርክረሃል፣ ብሎን ታግለሃል፣ ላብህን ጠርገህ ውሃህን ጠጥተሃል። ድንጋዩን ለማንሳት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔን የነፈግከኝ ያችን አንድ ደቂቃ ነው። እኔ ያጣሁት ጎማ ነው፤ ከኋላዬ በሞተር ሳይክል የሚመጣው ልጅ የሚያጣው ግን ጎማ አይደለም። ሎጊያ ላይ ባጃጅ የሚነዳውም አባወራ እንዲሁ። ይህን ደግሞ ታውቃለህ፤ ትናንት ሌላው ሰው በተወው ድንጋይ ስትራገም ሰምቼሃለሁ። እያወቅህ ትተኸው የሄድከው ድንጋይ ወጥመድ ነው።

ይቅርታ፣ ሙቀቱ ነው። ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ጎማውን ቀይረን ስንጨርስ ሰማዩ ነጋ። ስልኩም ጮኸ፤ «የት ደረስክ?» ረዳቴ ታኮ ያደረግናቸውን ድንጋዮች እያየ «ጋሼ፣ የእኛን ብቻ ነው ወይስ የእነሱንም ጭምር ላንሳ?» አለኝ። ሁሉንም አነሳን። ሰባት ነበሩ። አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ወረወርናቸው፤ ረዳቴ የመጨረሻውን ሲወረውር ከወገቡ ጎንበስ ብሎ በክብር ተሰናበተው።

በአምስተኛው ቀን ባዶዬን ወደ ወደብ ስወርድ እዚያው ቦታ ስደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ። ዘጠኝ ሆነው ጠበቁኝ።