ይድረስ በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በር ላይ ለቆሙት ጌታ

ጉዳዩ፦ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ እንዲገቡልን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልን ጌታዬ። ከአያት ሲሳፈሩ አይተንዎታል። መሃሉ ባዶ ነበር። ወንበርም ነበር። እርስዎ ግን በሩን መረጡ። «ሲኤምሲ ወራጅ ይሆናሉ» ብለን ዝም አልን። ሲኤምሲ አለፈ። መገናኛም አለፈ። ንቅንቅ የለም። ለካ መውረጃዎ ጦር ኃይሎች ኖሯል፤ ከ22ቱ ጣቢያዎች የመጨረሻው!

ታክሲ ቢሆን መላ አለው። «ወራጅ አለ!» ሲባል ሾፌሩ ይቆማል። ባቡሩ ግን ለመናችሁ አልለመናችሁ በየጣቢያው ይቆማል። እኛም «ወራጅ አለ» የምንለው ለእርስዎ ሆኗል። እርስዎም ደግ ነዎት፣ ሆድዎን ሳብ አድርገው «እለፉ» ይላሉ። በየት በኩል?

ስታዲየም ላይ ነገሩ ይብሳል። ከዚያ እስከ ልደታ ባሉት 5 ጣቢያዎች የአያቱና የቃሊቲው መስመር አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። መስመር የሚቀይረው ሁሉ እዚያው ይወርዳል፣ እዚያው ይሳፈራል። ሁለት መስመር ተስማምቶ በሚያልፍበት ቦታ እኛ አንድ በር ከእርስዎ ጋር መጋራት አቃተን። ከላይ ባለው ሽቦ 750 ቮልት ይመጣል። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ ባቡሩን ከነሕዝቡ ከተማውን ያሻግረዋል፤ እርስዎን ግን ከበሩ አንድ ክንድ ፈቀቅ ማድረግ አልሆነለትም።

እርግጥ የቆሙት እርስዎ ብቻ አይደሉም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀመር ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ ባለፉት ዓመታት በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። የቀሩት የሚጨናነቁትም ለዚሁ ነው። እነሱ ግን ጨዋዎች ናቸው፤ ዴፖ ገብተው ነው የቆሙት።

«ውስጥ አየር የለም» ሲሉም ሰምተናል። እንዴት ይኑር? መግቢያውን ይዘውታል እኮ። ደግሞ የኪስ አውላቂዎችን ምስጋና ሳናደርስልዎ ብንቀር ነውር ነው። እርስዎ ጋ ተጣብቀን ስንታገል ስልካችን በማን እጅ እንዳለ አናውቅም።

ስለዚህ ጌታዬ፣ ገባ ይበሉልን። እንዳያልፍብኝ ብለው አይስጉ። ባቡሩ ከጦር ኃይሎች ወዲያ አይሄድም።

ከሰላምታ ጋር፣
ሜክሲኮ ሊወርዱ አስበው ኮካ የወረዱ ተሳፋሪዎች

ግልባጭ፦
ለጀርባ ቦርሳዎ (እሱም ራሱን ችሎ ትኬት ሊቆርጥ ይገባዋል)
በወዲያኛው በር ለቆሙት ባልደረባዎ