ፒካፗ ለወግ ማዕረግ ስትበቃ

የአባዬ ሃይሉክስ ሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። ስለዚህ የቤታችን የበኩር ልጅ እሷ ናት። እኔን ሳል ሲይዘኝ ዳማከሴ ይታሽልኛል። እሷን ሳል ሲይዛት ግን አባዬ ሥራውን ትቶ ጋራዥ ይውላል።

ሃይሉክስ የሚለው ስም "ሃይ" እና "ላክሸሪ" ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ነው፤ ከፍ ያለ ድሎት እንደማለት። ቶዮታ በ1968 እ.ኤ.አ. ስሙን ሲያወጣ የእኛን ጋቢና አላየም። የእኛ ጋቢና የተቀመጠ ሰው በእግሩ ሥር አስፋልቱ ሲሄድ ያያል። አባዬ ቀዳዳውን ለመሸፈን የፕላስቲክ ምንጣፍ አነጠፈበት። ምንጣፉ የክረምቱን ውሃ አቅፎ ከረመ፤ ቀዳዳውም ወለደ።

ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖዋ የሞተው ድሮ ነው። አባዬ ይህን ቤት የተከራየው ቁልቁለቱን አይቶ ነው ትላለች እማዬ። ጠዋት ፍሬን ይለቀቃል፣ ሁለተኛ ማርሽ ይገባል፣ ትንሽ ተንሸራታ ትነሳለች። ብርድ የያዛት ቀን ግን ሰፈሩ ይጠራል። እሷን ሳይገፋ ያደገ የሰፈራችን ልጅ የለም። ገፍተው ሲጨርሱ እማዬ ሻይ ታፈላለች፤ የሰፈሩ ወሬ በሙሉ እዚያው ይጣራል።

እንደምንም ገፍተናት እዚህ ደረስን። በ2016 የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም ሲባል ግን አባዬ ዜናውን ሰምቶ ወደ ግቢው ወጣ። ፒካፗን ዞሮ ዞሮ አያት። "አላልኳችሁም?" አለ። ምን እንዳለን እስካሁን አናውቅም። ማታውኑ ቤተሰቡ ተሰበሰበና እንድትታደስ ተወሰነ። መዋጮ ተጣለ። ቨርጂኒያ ያለው አጎቴ በቪዲዮ ተሰብሳቢ ሆነ። አሜሪካ ሃይሉክስ አትሸጥም፤ ሰውዬው ናፍቋታል። "እዚህ ብትሆን እኮ ክላሲክ ነው የምትባለው!" አለ። እማዬ ቃሉን ወደደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝገት ማለት ቀረ።

ባትላሜራው መጣ። ረጅም ካቻቢቴ ከኪሱ አወጣና በሩን ከታች ጠቅ አደረገው። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ።

"አባባ" አለ በሐዘን ድምፅ፣ "ይቺን መኪና የያዛት ላሜራ አይደለም። ስቱኮ ነው።"

አጎቴ ከስልኩ ውስጥ "ፌንደሩን እስኪ እየው" ይላል። ባትላሜራው "ፓራፋንጎውን ነው?" ይላል። አጎቴ "ክላቹስ?" ሲል ባትላሜራው "ፍሪሲዮኑን መካኒክ ይየው" ይላል። የጃፓን መኪና ሆዷ ሲከፈት ጣልያንኛ ነው የምታወራው። ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ። ጣልያን 5 ዓመት ቆይቶ ሲባረር መዝገበ ቃላቱን ጋራዥ ረስቶ ሄዷል።

ፓራፋንጎው በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ቀለሙ በየተራ መውጣት ጀመረ። ከላይ ግራጫ። ከሱ ሥር ሰማያዊ። ከሱ ሥር ቡኒ። ታች ነጭ። እማዬ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"ይሄ ቡኒው አንተን ክርስትና ያስነሳን ዓመት ነው" አለችኝ። "ሰማያዊው ደግሞ አባትህ ከወንድሜ ጋር የተኳረፈ ጊዜ።"

"በምን ተኳረፉ?"

"በሰማያዊው ነዋ!"

ባትላሜራው መዶሻውን አስቀምጦ ያዳምጣል። የቀን ሂሳቡ ግን ይሮጣል።

ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ ነው። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደ፣ አንቲረስት ተቀባ። ሶማሌ ተራ ስንመላለስ ከረምን፤ አንዱ ሻጭ ፍሬቻ ይዞ "ኦሪጅናል ታይዋን ነው" ብሎ ማለልን። እህቴ ወንበሩን ቆዳ አስለበሰች። እማዬ በቆዳው ላይ ዳንቴል ጣል አደረገችበት። አጎቴ በሰው ሻንጣ ትልቅ ስክሪንና የኋላ ካሜራ ላከ። ታናሽ ወንድሜ "እኔ እገጥመዋለሁ" አለ። ገጠመውም። የኋላ ማርሽ ሲገባ የዝናብ መጥረጊያው መሥራት ጀመረ። ኤሌክትሪሻን ተጠርቶ ሦስት ቀን ፈጀበት።

በመጨረሻ ነጭ ሆና ወጣች። እንቁላል! ቁልፉ ሲዞር በራሷ ተነሳች። አባዬ ደነገጠ፤ ከልማዱ ፍሬን ለቆ ቁልቁለቱን ሊጀምር ነበር። የሚገፉት ልጆች በር ላይ ቆመው አዩንና ሄዱ። ሻይ የጠጣ የለም። በሳምንቱ "እነ እገሌ ኮሩ" የሚል ወሬ ሰማን፤ እሱንም ዘግይተን ነው የሰማነው፤ ወሬ የሚያጣራልን የለማ።

ቀጥሎ የእድሩ ዳኛ መጡ። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የምታመላልሰው ድሮም እሷ ነበረች። አባዬ አንገቱን አከከ። "ጋሼ፣ ቀለሟ ገና አልደረቀም" አለ። ከተቀባች ወር ከአሥር ቀን ሆኗታል። ጋሽዬ እሷንም አባዬንም እኩል አዩና ወጡ።

ፋሲካ ደረሰ። አባዬ፣ እኔና ወንድሜ በፒካፗ በግ ልንገዛ ሄድን። ሙክት ነው፤ ቀንዱ ብቻ ለጠብ ይበቃል። ልንጭነው ስንል ወንድሜ ካሶኒው ላይ ወጥቶ ቆመ። "በሰኮናው ይቧጭረዋል!" እህቴም ደወለች፤ "ጋቢና እንዳታስገቡት፣ ቆዳው ይሸታል!"

አባዬ ባጃጅ ጠራ። በጉ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ ቀንዱን ያዝኩ። ባጃጁ ቀደመ። ባዶዋ ፒካፕ አራቱንም ፍሬቻ እያብለጨለጨች፣ ቀስ እያለች ከኋላችን ተከተለች። ሰፈራችን መግቢያ ላይ የድሮዎቹ ገፊዎች ድንጋይ ላይ ተደርድረዋል። ባጃጁን አዩ። ፒካፗን አዩ። አንዱ ተነስቶ ማጨብጨብ ጀመረ።

"ሙሽራዬ፣ የወይን አበባ!"

አባዬ ክላክስ አደረገላቸው።