የሴቴና የወንዴ ዳክዬ መኖ ይለይ?

የክርክሩ ርዕስ፦ በባሕር ዳር ዙሪያ ሐይቅ ዳር የሚረቡ ዳክዬዎች ጉበታቸው በስብ እንዳይጎዳ ሴቴዎቹ ተለይተው ይመገቡ።

መኖ አቀናባሪው፦ ይለዩ እንጂ! ዳክዬ ስብ የሚሠራው በአብዛኛው በጉበቱ ነው። ሴቴዋ እንቁላል መጣል ስትጀምር ኢስትሮጅን የሚባለው የሴቴ ሆርሞን ጉበቷን ያጣድፈዋል፤ የአስኳሉ ስብ የሚመረተው እዚያ ነዋ። በቆሎ ብቻ ከበላች ስቡን ከጉበት ለማስወጣት የሚረዱት ኮሊንና ሜቲዮኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ያንሷታል፣ ስቡም እዚያው ይከማቻል። ሞታ ስትከፈት ጉበቷ ቢጫ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ አንዳንዴም ተሰንጥቆ ሆዷን የረጋ ደም ሞልቶት ይገኛል። ወንዴው ይህ ጣጣ የለበትም፤ ጉበቱ አይሰባም።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ “አይሰባም”? ታዲያ ጋሼ፣ ፈረንሳዮች ፎዋ ግራ ለሚሉት የሰባ ጉበት ወንዴውን ለምን ይመርጣሉ? ሙላርድ የሚባለው ድቅል ወንዴ (አባቱ ሙስኮቪ፣ እናቱ ፔኪን ከሚባሉ የዳክዬ ዓይነቶች) ከ10 እስከ 12 ቀን በቆሎ ሲጋት ጉበቱ 500 ግራም ያልፋል። የሴቴዋ ያንሳል፣ ደም ሥርም ይበዛዋል ተብሎ ይናቃል። ደግሞስ እዚህ የገረጣውን ጉበት ሁሉ ስብ ነው ያለው ማነው? ክረምት ላይ ከረጢቱ ያለ ርብራብ መሬት ላይ ተጥሎ የሻገተው በቆሎስ? የሻጋታው መርዝ አፍላቶክሲን ከዶሮ ይልቅ ዳክዬን ቶሎ ይጥላል፤ ሴቴ ወንዴ ብሎም አይመርጥ።

መኖ አቀናባሪው፦ እኔ ስለ ጣና ዳር ስጽፍ ዶክተር ፈረንሳይ ገቡ። በጉሮሮው ቧንቧ እየተሰደደ የሚጋት ዳክዬ ከእኛ ግቢ ዳክዬ ጋር ምን አገናኘው? እኔ የምለው፣ ለሴቴዎቹ በቆሎው ይቀነስ፤ በምትኩ የኑግ ፋጉሎ፣ ከአስጋሪዎቹ የሚተርፈውም የዓሣ ተረፈ ምርት ተቀቅሎና ደርቆ ይግባ። ሜቲዮኒኑ ከዚያ ይገኛል።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ቧንቧ ስብ አይሠራም ጋሼ፤ የሠራው የወንዴው ጉበት ነው። “አይሰባም” ብለዋል ወይስ አላሉም? ፋጉሎውስ ለወንዴው ቢሰጥ ምን ይጎዳዋል? ታዲያ መለየቱ ለምን?

መኖ አቀናባሪው፦ ለካልሲየም! የምትጥለው ከመኖዋ 3 በመቶ ገደማ ካልሲየም ትፈልጋለች፤ ለወንዴው 1 በመቶ ይበቃዋል፣ ትርፉ ኩላሊቱን ይጎዳል። አንዲት ቃል ይዘው ከሚሟገቱኝ ይህን ቢመልሱልኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ፦ ከጉበት ተነስተን ኩላሊት ደረስን! ካልሲየሙን መኖው ውስጥ ማን ቀላቅሉት አለ? የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለብቻው በዕቃ ይቀመጥ፣ የምትጥለዋ ራሷ ትለቅማለች። ደግሞ ለሚፈለፈል እንቁላል 1 ወንዴ ከ5 ሴቴ ጋር መዋል አለበት። በየትኛው አጥር ሊለዩዋቸው ነው?

መኖ አቀናባሪው፦ ጠዋትና ማታ፣ በመኖ ሰዓት ብቻ! ስለ አጥር ማን ተናገረ?