ሂሳቡን ለእኔ ተዉት!

ክብር ሂሳብ ሲመጣ ከወንበሩ ለሚወረወር ሰው ሁሉ ይሁን! እሱ ባይኖር ይህች ከተማ ምን ይውጣት ነበር? እኛ ተራዎቹ የበላነውን ከፍለን ወደ ሥራችን የምንመለስ ደረቅ ፍጥረቶች ነን። ያለን ብር እስከ ወር መጨረሻ ይደርስ እንደሆነ በልባችን እናሰላለን። ስናስበው እንኳን ያሳፍራል። እሱ ግን አያሰላም። ደመወዝ በወጣ በማግስቱ ደረቱን ነፍቶ ይገባል፣ አስተናጋጇን በስሟ ይጠራል፣ ሜኑ ሳያይ ለሁሉም ያዝዛል። ሜኑ ማየት የቋጣሪ ሥራ ነው።

ባለፈው ሳምንት ገርጂ አካባቢ አራት ሆነን ምሳ ወጥተን ነበር። አንዷ ገና የተቀጠረች ልጅ ናት። ሰዓት እየሄደ ስለነበር ልጅቷ በየዋህነት፣ «የየራሳችንን ብንከፍልስ?» አለች።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። በለቅሶ ቤት የሳቀ ሰው እንኳን እንደዚያ አይታይም። ጋሽ ልክፈል (እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ስለተመደበ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ) ጠቅልሎ ያነሳውን እንጀራ አፉ ጋ ሳያደርስ አቆመው። «ልጄ፣ እኛ እኮ አበሻ ነን!» አላት። ልጅቷ ይቅርታ ጠየቀች። ልብ በሉልኝ፣ የራሷን ምሳ ለመክፈል በማሰቧ ነው ይቅርታ የጠየቀችው።

ከዚያ አስተናጋጇ ሂሳቡን በትንሽ የቆዳ ማቀፊያ ይዛ መጣች። ምስኪን! ጋሽ ልክፈል አንድ ክንዷን ያዘ። ባልደረባችን ሌላውን ያዘ። «በሞቴ!» «እናቴ ትቅበረኝ!» «እኔ እያለሁ? ናቅከኝ እንዴ?» ደረሰኙ መሀል ለመሀል ተቀደደ። ግማሹ አንዱ እጅ፣ ግማሹ ሌላው እጅ ቀረ። በዚህ መሀል የአንዱ ክርን ስፕሪሴን መታው፣ አቮካዶው ተገልብጦ ሸሚዜ ላይ ሰፈረ። አቮካዶ ከነጭ ሸሚዝ እንደማይለቅ የሞከረ ያውቀዋል። እኔ ግን አልተቆጣሁም። ለባህላችን የተከፈለ መስዋዕትነት ነው።

ደግሞም ይህ ዝም ብሎ ጉልበት አይደለም፣ ጥበብ አለበት። የበቃው ከፋይ ሲገባ ነው ካሸሯ ጋ ጠጋ ብሎ መያዣ የሚያስቀምጠው። እኛ በልተን ስንጨርስ «ተከፍሏል» ይሉናል፤ እሱ ጣራ ጣራውን ያያል። መካከለኛው ከፋይ እጄን ልታጠብ ብሎ ይነሳና በዚያው ዘግቶ ይመለሳል። ጀማሪው ነው ክንድ የሚጎትተው። ከሁሉም ግን የማደንቀው ቦርሳው ከአምስተኛው ኪሱ ውስጥ የሚገኘውን ወንድማችንን ነው። እየማለ ይፈልጋል። ሌላ ሰው ከፍሎ፣ መልሱ ተቆጥሮ፣ ጉርሻው ተሰጥቶ እሱ ገና ይፈልጋል። አሁን አሁን ደግሞ ሥራው በስልክ ስለሆነ ቀሎለታል። «ኔትወርኩ እምቢ አለኝ እንጂ!» ይልና ስክሪኑን ያሳየናል። እኛም አይተን እንመሰክርለታለን።

ባሕር ማዶም ቢሆን ባህሉ አልጠፋም፣ አትስጉ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወገናችን ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሲበላ እስከ ሳንቲሙ ተካፍሎ ይከፍላል። ቅዳሜ አበሻ ቤት ሲገባ ግን ሁለት ሰው ሁለት ካርድ አስተናጋጇ አፍንጫ ሥር ደቅኖ «የእሱን እንዳትቀበዪ!» ይላታል። እዚያ ደግሞ ጉርሻው ብቻ የሂሳቡ አንድ አምስተኛ ይደርሳል። ሂሳቡን የተሸነፈው ጉርሻውን ልክፈል ብሎ ሁለተኛ ዙር ይከፍታል።

እስቲ አሁን የዚያችን ልጅ ነውር በቁጥር እንየው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመጀመሪያ ዲግሪ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ጀማሪ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። ከዚህ ላይ የሥራ ግብር 2,100 ብር ይነሳል። የጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 805 ብር ይከተላል። እጇ ላይ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። የቤት ኪራዩን፣ ታክሲውን፣ እናት ቤት የሚላከውን እናንተው ቀንሱላት።

የዚያን ቀን ሜኑ ላይ የተጻፈው የአራታችን ምሳ 2,400 ብር ነበር። አገልግሎት 10 በመቶ ሲደመር 2,640 ሆነ። በላዩ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲገባበት 3,036 ብር። ልጅቷ በሐሳቧ ብትጸና ኖሮ ድርሻዋ 759 ብር ነበር። እንደ አበሻ ልሁን ብላ ታግላ ብታሸንፍ ግን ከወር ገቢዋ ከሲሶ በላይ በአንድ ምሳ ይሄድላት ነበር፣ ያውም የአስተናጋጇ ጉርሻና የመኪና ጠባቂው ሳይታሰብ። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ ዶላር ከ57 ብር ሽቅብ ከተነሳ ወዲህ ሜኑዎች ስንት ጊዜ እንደተቀየሩ ሁላችንም አይተናል። ያልተቀየረው የጋሽ ልክፈል ድምፅ ብቻ ነው። «ለእኔ ተዉት!»

ይህ ጥበብ በቡድን ሲሠራ ደግሞ እንዴት እንደሚያምር የአንድ ቢሮ አራት ሰዎች ታሪክ ይመስክርልኝ። ጋሽ ልክፈል፣ የግዥ ባለሙያው፣ ሂሳብ ሹሙ እና የማኅደር ክፍሉ ሰውዬ። ተራ የላቸውም፣ ምክንያቱም ተራ ማውጣት ነውር ነው። ግን ተራው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

በመጀመሪያው ሳምንት ጋሽ ልክፈል ጋበዘ። ጥብስ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የግዥ ባለሙያው ተራ ደረሰ። እሱ ኪራይ ከፍሎ ቺስታ ሆኗል። ስለዚህ ጠዋት ሂሳብ ሹሙን ኮሪደር ላይ ነጠል አድርጎ 4,000 ብር ተበደረው። ለምን እንደሆነ አልነገረውም፣ አይነገርማ። በጥብስ ላይ ጥብስ መጋበዝ ንቀት ስለሆነ ምሳው ወደ ክትፎ አደገ። ሂሳብ ሹሙ ጠግቦ በላ፣ «እጅህ ይባረክ ወንድሜ» ብሎ መረቀ። የራሱን ብር አብልቶት መርቆ ተነሳ።

በሦስተኛው ሳምንት ሂሳብ ሹሙ ተራው ሆነ። ብሩ ግን የለም፣ ባለፈው ሳምንት ራሱ በልቶታል። የግዥ ባለሙያውን «ያቺን ነገር» ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ግን ክትፎ የጋበዘህን ሰው በሳምንቱ ብር መልስ ይባላል እንዴ? ሂሳብ ሹሙ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ዕቁብ ጸሐፊ ነው። የተሰበሰበው ብር መሳቢያው ውስጥ አለ። «ለሦስት ቀን ነው» አለ ለራሱ። ክትፎ ያደገው ወደ ቁርጥ ነው። በኪሎ ታዘዘ፣ አዋዜ መጣ፣ ሚጥሚጣ መጣ፣ የሚያወራርድ ነገርም መጣ። ጋሽ ልክፈል እዚያም ላይ «ቢያንስ መጠጡን ለእኔ!» ብሎ ታገለ። ተሸነፈና ቅር ብሎት ወጣ።

ሰኞ የዕቁቡ ዕጣ ወጣ። የደረሰው ለጽዳት ሠራተኛዋ ነው። የቤቷን ቆርቆሮ ልትቀይርበት ነበር። ብሩ ጎድሏል። ሂሳብ ሹሙ ወደ ጋሽ ልክፈል ሮጠ። ጋሽ ልክፈል ኪሱ ባዶ ነው። ግን «የለኝም» የሚባል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ስንት ነው የምትፈልገው?» አለው በግርማ ሞገስ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገባና በስልኩ ብድር ጠየቀ። ብድሩ ከነክፍያው ደመወዝ ሲገባ ይቆረጣል። ያንን ብር ለሂሳብ ሹሙ ሰጠው፣ ሂሳብ ሹሙ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠ፣ ቆርቆሮዋን ዝናብ ቀደማት እንጂ ብሯን አገኘች። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የሂሳብ ሹሙን ቁርጥ የከፈለው በመጨረሻ ጋሽ ልክፈል ሆነ። እሱ ግን አያውቅም። ቢያውቅ እንዴት ደስ ባለው! ታግሎ የተሸነፈበትን ሂሳብ ሳያውቀው አሸንፏል።

አራተኛው ሳምንት የማኅደር ክፍሉ ሰውዬ ነበር። ሦስት ምሳ በልቶ፣ ሦስቴ «በሞቴ» ብሎ፣ በአራተኛው ሳምንት ሰኞ የዓመት ፈቃድ ወጣ። አዲስ ደመወዝ በወጣ በማግስቱ ተመለሰ። ሦስቱ ምን አደረጉ? «እንኳን ደህና መጣህ» ብለው ጋበዙት። ሊከፍል ሲነሳ ጋሽ ልክፈል ትከሻውን ይዞ አስቀመጠው። «አንተማ እንግዳ ነህ!»

አራቱም የየራሳቸውን ቢከፍሉ ኖሮ ጥብሱ ከጥብስ አያልፍም ነበር። በየሳምንቱ በነፍስ ወከፍ 759 ብር፣ ማንም ማንንም ሳይበደር፣ ዕቁቡም ሳይነካ። ግን ይሄ ምን ፍቅር አለው?

ቆይ ግን። አንድ ነገር አለ፣ ሳስበው ሳቄ የሚጠፋብኝ።

የዚያን ቀን ገርጂ ምሳ ላይ የጋሽ ልክፈል ስልክ ሁለቴ ጠራ። ባለቤቱ ነች። መጀመሪያ ድምፁን አጠፋው፣ በኋላ ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ከሰዓት ቢሮ ደግማ ስትደውል ሰማሁት። የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ካልገባ ከሰኞ ጀምሮ አትምጣ ተብሏል። የቤት ሠራተኛዋ የሁለት ወር ደመወዟ ስላልተሰጣት ልብሷን እየሸከፈች ነው። «ትንሽ ጠብቂ በያት፣ አሁን የለኝም» አለ። የለኝም! ያ ከአፉ የማይወጣው ቃል ቤት ሲሆን እንዴት ፈጥኖ ወጣ! ለማያስፈልገን ሰዎች ያን ምሳ የጋበዘ እጅ፣ ልብሱን ለምታጥብለት፣ ልጁን ለምታበላለት ልጅ ላቧን ይከለክላታል። ይህን ደግነት ነው የሚል ካለ ፊቱን ያሳየኝ። የደሃ ልጅ ደመወዝ ነው የበላነው። ያውም እኔ በልቻለሁ፣ አንተ በልተሃል፣ «እጅህ ይባረክ» ብለን አፋችንን ጠርገን ተነስተናል። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ ማለት ይሄ ነው።

ይቅርታ፣ ከውዳሴዬ ወጣሁ። ልመለስ።

አንድ ትንሽ ሐሳብ አለኝ፣ ባህላችንን የበለጠ ያደምቀዋል። ደረሰኝ ላይ የገዢ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሁሌም ባዶውን ነው የሚቀረው። በእውነት ቢሞላስ? አስተናጋጇ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብበው። «የዛሬውን ምሳ የጋበዙት፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ 1,500 ብር። የልጁ ትምህርት ቤት፣ 1,000 ብር። ቀሪው የሰፈሩ ባለሱቅ።» ምግብ ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል። ትግልም አይኖርም፣ ከፋዮቹ በቦታው የሉማ።

ባለሱቁ በተለይ ሊመሰገን ይገባዋል። ከደመወዝ አሥረኛ ቀን በኋላ የጋሽ ልክፈልን ቤት የያዘው እሱ ነው። ዘይቱ፣ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ፓስታው ሁሉ ከእሱ በዱቤ ይወጣል። ጠርዙ የተበላ ደብተር አለው፣ የጋሽ ልክፈል ገጽ በእስክሪብቶም በእርሳስም ተሞልቶ ወደ ሽፋኑ ተሻግሯል። እሱን ግን ማንም ማኪያቶ ጋብዞት አያውቅም። ትናንት ማታ በካርቶን ላይ በቀይ ጽፎ መስኮቱ ላይ ለጠፈ። «ዱቤ ጨርሰናል።»

ጋሽ ልክፈል ዛሬ ጠዋት ሲያልፍ አነበበው። ቢሮ ሲገባ ገና አልተረጋጋም ነበር። «ሀገሩ በሙሉ ቋጣሪ ሆነ እኮ! ሰው ጠፋ!» አለ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ኮቱን አነሳ።

«ኑ እስቲ፣ ቡና ልጋብዛችሁ።»