«አላመመኝም» አትበሉ

ወገኖቼ፣ ስለ ደም ግፊት የምናገረው ቅር ቢያሰኛችሁም ስሙኝ።

ባለፈው ክረምት ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን እራት ላይ ልጃቸውን ሊያጎርሱ እጃቸውን ሲዘረጉ ጉርሻው ከጣታቸው ወደቀ። ሊያነሱት ቢሞክሩ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አፋቸው ወደ ግራ ተጎተተ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር፤ እኔም ነበርኩ። አንዱ «ምች ነው» አለና ዳማከሴ ተጨመቀ። ሌላዋ «ነፋስ መቷቸው ነው» ብላ ጋቢ ደረበችላቸው። ይንጋና እንወስዳቸዋለን ብለን አደርን። ሲነጋ ቀኝ ጎናቸው ጨርሶ አይንቀሳቀስም ነበር።

ስትሮክ ነበር፤ የአንጎል የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈስ የሚመጣው። ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ኪኒኑን ሁለት ወር ወሰዱና «ራሴን ማመም ትቶኛል» ብለው አቆሙ። የተረፈው ቡፌው ውስጥ አቧራ ለብሶ ተገኘ።

እንዲህ የምናደርግ ስንቶቻችን ነን? ደም ግፊት እኮ አብዛኛውን ጊዜ አያምም! ልኬቱ 140/90 አልፎም ሰው ሠርቶ፣ በልቶ፣ ስቆ ይውላል፤ ከውስጥ ግን የደም ሥሩ እየተጎዳ ነው። ራስ ምታት ሲመጣ ብቻ የሚዋጥ የግፊት መድኃኒት የለም። «ከጀመርኩት ማቆም አልችልም» ብላችሁ የምትሸሹም፣ ማቆሙ ነው የሚጎዳችሁ። ነጭ ሽንኩርቱንም ሽፈራውንም ከወደዳችሁ ብሉ፤ በኪኒኑ ፈንታ ግን አታድርጉት። ጸበል ስትሄዱም መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ጨውን በተመለከተ እናቶችና እህቶች አትቀየሙኝ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፣ ሽሮው ሲፈጭ ይገባበታል፣ ወጡ ሊወጣ ሲል እንደገና ይነሰነስበታል፤ ገበታው ላይ ደግሞ ሚጥሚጣ ይቀርባል፣ እሱም ጨው አለው። አንዳንድ ቦታ ቡናውንም በጨው የምንጠጣ አለን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፣ ያውም ቀኑን ሙሉ ከምንበላው ሁሉ ተደምሮ። ቅቤና ሥጋ ስለተዋችሁ በጾም የምትድኑ አይምሰላችሁ፤ የጾሙም ሽሮ ያው ሽሮ ነው። በርበሬያችሁንና ሽሯችሁን ያለ ጨው አስፈጩ፣ ድስቱ ላይ በልክ ጨምሩ። ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምደዋል።

ሲጋራው፣ ጫቱ፣ በየማታው አረቄው ግፊትን እንደሚያባብሱ ሳታውቁ አትቀሩም፤ ተዉት። አንድ ፌርማታ ለማይሞላ መንገድ ታክሲ አትሰለፉ፣ በእግራችሁ ሂዱ። አርባን ያለፋችሁ ሳትታመሙ ተለኩ፤ ጤና ጣቢያ ክንዳችሁን ለመስጠት ደቂቃዎች ይበቃሉ።

የሰው ፊት ባንድ ወገን ከወደቀ፣ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ዳማከሴ ፍለጋ አትሩጡ። ውሃ አታጠጡት፣ ሊያንቀው ይችላል። አስፕሪንም አትስጡት፤ የአንጎሉ የደም ሥር ተዘግቶ ይሁን ፈስሶ በሲቲ ስካን፣ ማለትም ሆስፒታል በሚነሳው የአንጎል ምስል፣ ካልታየ አይታወቅም። ቀይ መስቀል 907 ላይ ደውሉ፤ አምቡላንስ ከዘገየ ያገኛችሁት መኪና ላይ ጫኑት። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት፣ ባለበት ሆስፒታልም ቢሆን፣ የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ 4 ሰዓት ተኩል ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ መቼ እንደጀመረው ሰዓት አይታችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። እኛን ሲጠይቀን እርስ በርስ ተያየን እንጂ የመለሰለት አልነበረም።