ይድረስ ለክቡር የማሳያ ፎቶግራፍ

ጉዳዩ፦ በማስታወቂያ ላይ ታይተው በሳጥን ውስጥ ስለመታጣትዎ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን አልጠይቅም፤ ጤነኛ እንደሆኑ በየቀኑ አያለሁ። በርካሽ የሚሸጡ የድሮ የጦር ሠራዊት ጠመንጃዎች ማስታወቂያ ሁሉ አናት ላይ ተጋድመው፣ ሰደፍዎ እያብረቀረቀ፣ አንዲት ጭረት ሳትነካዎ ዓመታት አልፈዋል። ከግርጌዎ በደቃቅ ፊደል «ፎቶው ለማሳያ ብቻ ነው» የምትል መስመር አለች። ከሁለመናዎ እውነት የምትናገረው እሷ ብቻ ስትሆን፣ እሷንም ገንዘቡን ሳይከፍል ያነበባት ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ ጡረታ የወጡ ጠመንጃዎችን የምንሰበስብ ሐበሾችን ወክዬ ነው። ማንም አልወከለኝም፤ እኛ ዘንድ ግን ለሮሮ ውክልና አይጠየቅም። ብዙዎቻችን ሕጉ የሚፈቅደውን የሰብሳቢ ፈቃድ አውጥተናል፤ 30 ዶላር ለሦስት ዓመት። ዕድሜው 50 ዓመት የሞላ ጠመንጃ በዚህ ፈቃድ ደጃችን ድረስ ይመጣልናል። እ.ኤ.አ. ከ1899 በፊት የተሠራ ከሆነማ የፌዴራሉ ሕግ ከጦር መሣሪያም አይቆጥረውም። መምጣቱ ደግ ነው። የሚመጣው ግን እርስዎ አይደሉም። በፎቶ ተጫጭቶ አየር ማረፊያ ላይ የሚገናኝ ሙሽራ እንኳ አስቀድሞ በስልክ ድምፅ ሰምቷል።

ከሞሲን ናጋንት ልጀምር። ከ100 ዶላር በታች ይሸጥ በነበረበት ዘመን (ያን ዘመን ነፍስ ይማር) ይህ የሩሲያ ጠመንጃ ሃያ ሃያ ሆኖ በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ነበር የሚመጣው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች ሰብስበው ፈቱት፤ የአንዱን መቀርቀሪያ ለሌላው ሰጡ፤ የቀድሞውን ቁጥር ሰርዘው አዲስ ጻፉበት፤ እንጨቱን ሼላክ የሚሉትን የሚያብረቀርቅ ቀለም ቀብተው፣ ብረቱን በግራሶ ነክረው መጋዘን አስገቡት። እርስዎ ላይ ያ ሼላክ ያለ አንዳች ጉድፍ ተነጥፏል። እኔ የደረሰኝ ላይ ቀቢው ምሳ ሰዓት ደርሶበት ነበር መሰለኝ፣ ቀለሙ ተንጠባጥቦ እንዳለ ደርቋል፤ ከብሩሹ የተነቀለች አንዲት ጠጉርም ከቃታው በላይ አብራ ደርቃ እስከ ዛሬ አለች። ልነቅላት አስቤ ተውኩት። በዚያ ጠመንጃ ላይ ቁጥሯ ያልተለወጠው ዕቃ እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ግራሶውንስ ምን ብዬ ልንገርዎ? እርስዎ ግራሶ አይተው አያውቁም። ጠንክሮ ቡናማ ከሆነ በኋላ በጨርቅ አይለቅም፤ ብረት ይቧጭራልና በእንጨት ስንጥር መፋቅ፣ ከዚያ በፈላ ውኃ መታጠብ አለበት። እንጨቱን በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሎ የሐምሌ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው፤ ላቡን ያፈሳል፤ ይጠረጋል፤ ደግሞ ያፈሳል። ችኩሎች የወጥ ቤት ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው በአደባባይ መጻፍ የቤት ሰላም ይነሣል። ያ ሁሉ ታጥቦና ተጠርጎ አንድ ቀን ተኩስ ሜዳ ሲወሰድ፣ በርሜሉ ሲግል ከእንጨቱ ሥር እንደገና ይወጣና እጅጌዎን ያገኘዋል።

ሻጮችዎ ደግሞ አንድ ዘዴ አላቸው። 10 ወይም 20 ዶላር ከጨመርን «መርጠን እንልካለን» ይላሉ። ሁላችንም ጨመርን። ሁላችንም የተመረጠ ደረሰን። የእኔ ምርጥ፣ የጎረቤቴም ምርጥ፣ ሁለቱም ሰደፋቸው የተሰነጠቀ። መራጩን አንድ ቀን ባገኘው ስለ ሚዛኑ የምጠይቀው አለኝ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከሆነ ግን ቢያንስ አድልዎ አልሠራም።

ሌላም ነገር ያሳስበኛል። በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት አስመጪው ስሙንና ከተማውን በጠመንጃው ብረት ላይ መምታት አለበት። የእኛዎቹ ሁሉ ተመትተዋል፤ አንዳንዶቹ በርሜላቸው ላይ የሱቅ ታፔላ የሚያህል ጽሑፍ ተሸክመዋል። እርስዎ ላይ ግን አንድም ፊደል አይታይም። ወይ በተኙበት ጎን ነው፣ ወይ ከናካቴው እዚህ አገር አልገቡም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። አንጀቴን ያሳረሩት የአገሬ ጠመንጃ የመጣ ጊዜ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ መጋዘኖች ተከማችተው የኖሩ ጠመንጃዎች ተጠርገው እዚህ ገበያ ወጥተዋል። በ1888 ዓ.ም. የጣልያን ጦር አድዋ ይዞት የመጣው የቬተርሊ ዓይነት አለ፤ አያቶቻችን በጥቅሉ ምንሽር ከሚሉት ወገን የሆነው የጣልያኑ ካርካኖ አለ፤ የይሁዳ አንበሳ የታተመበት ቤልጅግም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ኅዳር 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የመጨረሻው የጣልያን ጦር እጁን ሲሰጥ ጠመንጃው አብሮት አልተሳፈረም። ከአርበኛ ወደ ነጭ ለባሽ፣ ከነጭ ለባሽ ወደ ሽፍታ፣ ከሽፍታ ወደ ገበሬ ማኅበር ዘብ ሲዞር ኖሮ ይሆናል መጋዘን የገባው። እርስዎ በዚያ ሁሉ መካከል የት ነበሩ?

ካርካኖውን ያዘዝኩት የእርስዎን መልክ አይቼ ነው። ሳጥኑን ስከፍት መጀመሪያ የፈሰሰው አፈር ነበር፤ ቀይ አፈር። የሰደፉ አንገት ተሰብሮ በቆርቆሮ ተጠቅልሏል። ቆርቆሮው ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ መሆኑን ጠርዙ ላይ የቀረው ቢጫ ቀለም ይመሰክራል። በጫማ ሚስማር ተመትቶ፣ በላዩ በእርጥቡ ጠፍር ተጠፍሮ፣ ጠፍሩ ሲደርቅ እንጨቱን ነክሶ ይዞታል። ላላ እንደሆን ብዬ ወዘወዝኩት፤ ንቅንቅ አላለም። ማስታወቂያው ይህን «አነስተኛ የመልክ ጉድለት» ይለዋል።

በዚያ ሰሞን አባቴ ከጎጃም ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። እርስዎን በስልኬ አሳየኋቸው። አተኩረው አዩዎትና «ይሄ ሰው ይዞት ያውቃል?» አሉ። እንጃ አልኳቸው። ካርካኖውን ተቀብለው ቆርቆሮውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ መቀርቀሪያውን አውጥተው በርሜሉን ወደ መስኮቱ አቀኑና በአንድ ዓይናቸው አዩበት። ፊታቸው ወዲያው ጠቆረ።

«ይህን ያሰረ እጅ ይባረክ» አሉ። «ሳይወለውል ያስቀመጠው ግን ይቆረጥ።»

እውነታቸውን ነው። የዚያ ዘመን ጥይት ማቀጣጠያው በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ በውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ካልተቀባ ጠመዝማዛው ቦይ በዝገት ይበላል። ሰደፉ ቢሰበር ጠፍር አለ። ለተበላ በርሜል ጠፍር የለውም። አንድም ቀን የበርሜልዎን ውስጥ አሳይተውን አያውቁም፤ ዘወትር በጎንዎ እንደተኙ ነው። እኛም ሞኞቹ ስለ ጭረትና ስለ ቀለም ስንጨቃጨቅ፣ እርስዎ አፍዎን ወደ ማዶ አዙረው ይተኛሉ።

ስለዚህ የምንጠይቅዎ ጥቂት ነው። ውበትዎን አንመኝም፤ ለዚያ ዋጋ አይገባንም። ጭቃውንም፣ ቆርቆሮውንም፣ ጠጉሯንም ተቀብለናል። አንድ ጊዜ ብቻ ይነሡና መቀርቀሪያዎን አውጥተው፣ መብራት አስይዘው፣ አፈሙዝዎን ወደ ካሜራው ያዙሩልን። የሚያፍሩ ከሆነ፣ የሚመጣልን ጠመንጃ ራሱ ባይሆን እንኳ አጎቱ ፎቶ ይነሣልን።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመራጩ (ዓይኑን ሲገልጥ እንዲደርሰው)
ለግራሶ (ባለበት፣ ማለትም በሁሉም ስፍራ)
ለባለቤቴ (ምድጃው መጽዳቱ እንዲታወቅ)